የዲር ስጋ በሐበሻ ድስት፦ ከማጽዳቱ እስከ ማውጣቱ

ኖቬምበር ሲገባ ቨርጂኒያም ሆነ ሚኒሶታ፣ ሜሪላንድም ሆነ ኮሎራዶ ያለ ሐበሻ ይህ ነገር ይደርሰዋል። የሥራ ባልደረባው ወይም ጎረቤቱ አደን ወጥቶ ቀንቶታል። ፍሪዘሩ ሞልቶበታል። በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ላዩ ላይ በማርከር የተጻፈበት የአጋዘን ስጋ (በእንግሊዝኛው የዲር ስጋ) ይዞ መጥቶ "እስቲ ሞክሩት" ይላል። እምቢ ማለት ነውር ነው። መቀበሉ ደግሞ ሥራ አለው። ብዙው ሰው ይቀበልና ፍሪዘር ውስጥ ይረሳዋል። ወይም እንደ በሬ ስጋ ይጠብሰውና "ጠረኑ አላስበላ አለኝ" ብሎ ይጥለዋል።

አብዛኛው ጠረን ግን ስጋው የዱር ስለሆነ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ከስቡ፣ ከረጋ ደሙና ዘግይቶ ከመቀዝቀዙ ነው የሚመጣው። በርበሬ ይህን አይሸፍነውም። በርበሬ የበዛበት መጥፎ ጠረን ያው መጥፎ ጠረን ነው፤ ያውም የሚያቃጥል። የዲር ስጋ የሚሳካው በቢላዋ ነው። ማጽዳቱ በደንብ ካለቀ ድስቱ ቀላል ነው።

መቼም እዚህ የማወራው አሜሪካ ውስጥ በፈቃድና በወቅቱ ስለሚታደነው ዲር ነው። አገር ቤት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ ያስጠይቃል። የእኛው የደጋ አጋዘን ደግሞ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም፤ እሱን ለድስት ማሰብም አይገባም።

ስጋው ቤት ከመግባቱ በፊት

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ አሳማ ነው። አዳኙ የእንስሳውን ብልት ራሱ አውጥቶ ከሆነ ችግር የለም። ብዙዎቹ ግን አጋዘን ለሚበልት ሥጋ ቤት ይሰጡታል። የዲር ስጋ ውስጡ ስብ ስለሌለው እነዚህ ሥጋ ቤቶች የተፈጨውን ስጋ ላይ ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ ይጨምሩበታል። ቋሊማው ውስጥማ አሳማ የተለመደ ነው። ጥቅሉ ላይ የአጋዘን ስም ብቻ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተፈጨ ከሰጧችሁ "ምን ተጨምሮበታል?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም፤ አዳኞች ለምደውታል። ከተቻለ ያልተፈጨውን ለምኑ። ሙሉውን ስጋ ቤት ወስዶ መክተፍ ይሻላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ምርመራ ነው። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ሲ ደብሊው ዲ የሚባል የአጋዘን የአንጎል በሽታ አለ። መጀመሪያ የታየው በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ ነው። ዛሬ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ሚኒሶታን ጨምሮ በብዙ ስቴቶች የዱር አጋዘን ላይ ተገኝቷል። ከሰው የተረጋገጠ ታማሚ እስካሁን የለም። ቢሆንም በሽታውን የሚያመጣው ነገር በማብሰል አይጠፋም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የታመመ እንስሳ ስጋ አይበላ ይላል። በሽታው በታየበት አካባቢ የተገደለ ከሆነ ተመርምሮ ነጻ መሆኑን ጠይቁ። የትም ይገደል፣ ጭንቅላቱን፣ ዓይኑን፣ የአከርካሪ መቅኒውንና ጣፊያውን አትቀበሉ።

ሦስተኛው፣ መቼ ተገደለ? ቶሎስ ቀዝቅዟል? ጠዋት ተመትቶ ሆዱ ወዲያው የወጣለትና በበረዶ የተያዘ ስጋ ጠረኑ የዋህ ነው። ሞቅ ባለ ቀን ፒክአፕ ላይ ተጭኖ የዋለውን ግን ምንም አይመልሰውም። ያንን በምስጋና ማለፍ ነው።

ገንዘብ እንዳትከፍሉ። የታደነ የዱር አጋዘን ስጋ አሜሪካ ውስጥ አይሸጥም፤ በስጦታ ነው የሚሄደው። ሱቅ ውስጥ የምታዩት የእርባታ ነው፤ ብዙው ከኒውዚላንድ የመጣ።

አንድ ነገር ደግሞ ከእንግዳ ጋር የተያያዘ አለ። ዘዳግም 14 ዋላንና ሚዳቋን ከሚበሉት ጋር ይቆጥራል። ዲርም ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ ነው። ግን ብዙ አባቶችና እናቶች "በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ አልበላም" ይላሉ። ለሙስሊም ወዳጆቻችሁም ማን አደነው፣ ቢስሚላህ ተብሏል ወይ የሚለው ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ቀድማችሁ ተናገሩ። ሳይነግሩ አብልቶ "ምን እንደበላችሁ ታውቃላችሁ?" ማለት ቀልድ አይደለም።

ጾሙንም አስቡት። የጠመንጃ አደን በአብዛኛው ኖቬምበር ውስጥ ነው የሚከፈተው። ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 ወይም 25 ማለት ነው። ለሚጾም ቤት ስጋው እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል። ለዚህም ነው ሳይፈጭ በትልልቁ መቀመጥ ያለበት። አየሩ ወጥቶለት በቫኪዩም የታሸገ ሙሉ ስጋ እስከ አንድ ዓመት ጣዕሙን ይይዛል። የተፈጨው ግን ከ3 እና 4 ወር በኋላ ይደክማል።

ማቅለጥ

ስጋውን ከነጥቅሉ ጎድጓዳ ትሪ ላይ አድርጋችሁ ፍሪጅ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። ሁለት ኪሎ የሚሆን የታፋ ስጋ አንድ ቀን ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ኪችን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሥራ መሄድ የለም። ላዩ ሞቆ ውስጡ በረዶ ይሆናል፤ ባክቴሪያ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሙሉ በሙሉ ሳይለሰልስ፣ መሃሉ ገና ጠንከር ሲል አውጡት። ያኔ ቢላዋ በደንብ ይታዘዛል።

ማጽዳት፦ ዋናው ሥራ

መጀመሪያ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ወይም በወረቀት ፎጣ ጠራርጉት። ፀጉር ካለ ይለቀማል። አንድ የተረሳ ፀጉር ወጡን ሁሉ ያስጠላል።

ቀጥሎ ጥይቱ የገባበትን ፈልጉ። ጠቁሮ ደም የቋጠረ ቦታ ነው። እሱን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውንም በልግስና ቆርጣችሁ ጣሉ። የእርሳስ ጥይት ሲፈነዳ ዓይን የማያያቸው ስብርባሪዎች ከቀዳዳው ርቀው ይሄዳሉ። በ2008 ሰሜን ዳኮታ ለምግብ ባንኮች የተሰጠ የተፈጨ የአጋዘን ስጋ እንዲጣል የታዘዘው በዚህ ምክንያት ነበር። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ያሉበት ቤት አዳኙ የመዳብ ጥይት ተጠቅሞ እንደሆነ ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

አሁን ስቡ። ጮማ ለሚወድ ሰው ስብ መጣል ይከብደዋል። እዚህ ላይ ግን አትሳሱ። የዲር ስብ ቶሎ ይረጋል፣ ላንቃ ላይ እንደ ሻማ ይለጠፋል። ያ "የአውሬ ጠረን" የሚባለውም በብዛት እዚያ ነው ያለው። ነጭ ሆኖ ያያችሁትን ሁሉ አውጡ። ቅባቱን በኋላ በቅቤ እንመልሰዋለን።

ከስቡ በኋላ ስጋውን የሚሸፍነው ብርማ ስስ ሽፋን አለ። እሱ በምንም ያህል እሳት አይለሰልስም። ጥብሱን እየጎተተ ያጠማዝዘዋል፣ ለማኘክም ያስቸግራል። አወጣጡ እንዲህ ነው። ቀጭን ስል ቢላዋ ያዙ። የቢላዋውን ጫፍ ከሽፋኑ ሥር በጎን አስገቡና በሁለት ጣት የሚያዝ ያህል አንሱ። ያንን በግራ እጃችሁ አጥብቃችሁ ያዙት፤ የሚያንሸራትት ከሆነ በወረቀት ፎጣ ያዙት። ስለቱን ትንሽ ወደ ላይ፣ ወደ ሽፋኑ አዘንብሉና ቢላዋውን ወደፊት ግፉ፤ ግራ እጃችሁ ደግሞ ወደ ኋላ ይስባል። በረጅሙ ይላጣል። ከሽፋኑ ጋር ቀይ ስጋ ተያይዞ እየወጣ ከሆነ ስለቱ ወደ ታች ወርዷል ማለት ነው፤ ቀና አድርጉት። አትቸኩሉ። ከአንድ ታፋ ላይ ይህን ማውጣት ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል።

ታፋ እያጸዳችሁ ከሆነ በትልልቆቹ ጡንቻዎች መካከል ስብ ውስጥ የተደበቀች ግራጫ ወይም ቡናማ እጢ ታገኛላችሁ። ሳትበጥሱ ከነስቧ አውጡና ጣሏት። ከበጠሳችኋት ቢላዋውን ታጠቡት። ብዙ ሰው የማያውቃት እሷን ነው፤ ጥሩውን ስጋ የምታበላሸውም እሷ ናት።

የሎሚና የኮምጣጤው ነገርስ? እኛ ስጋ በሎሚ ካላጠብን የጸዳ አይመስለንም። ለዶሮው ይሁን፤ ለዚህ ግን አልመክርም። ሎሚ ውስጥ የቆየ የዲር ስጋ ላዩ ይነጣል፣ ውሃውን ያጣል፣ ሲጠበስ ይደርቃል። ደግሞ አሲድ የቀረ የእርሳስ ስብርባሪ ካለ ያሟሟዋል። ደሙ የበዛ ከመሰላችሁ ይልቅ በቀዝቃዛ ጨው ውሃ ዘፍዝፉት። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው በቂ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ይደር፤ ውሃው ከቀላ አንዴ ይቀየር። ጠዋት አንጠፍጥፋችሁ በፎጣ አድርቁት። ፍሪዘር ውስጥ ከቆየ ስጋ ላይ ልዩነቱ ይታያል።

የትኛው ብልት ለምን?

መሃከለኛ መንገድ የለም። የዲር ስጋ ወይ በኃይለኛ እሳት ቶሎ፣ ወይ በዝግታ ለሰዓታት ነው። ግማሽ ሰዓት የተቀቀለ የወርች ስጋ ጫማ ነው።

ከአከርካሪው ግራና ቀኝ የሚሄደው ረጅሙ ስጋ፣ ማለትም ሽንጡ፣ ለጥብስ ነው። ጭቅናውም እንዲሁ፤ ትንሽ ስለሆነ ለብቻው ለቁርስ ይበቃል። አንገት፣ ወርችና ቅልጥም ለቀይ ወጥ። ታፋው ለቋንጣና ለሚፈጨው። ዱለትን እርሱት። ጨጓራው አብዛኛውን ጊዜ ጫካ ነው የሚቀረው፤ ቢመጣም የዱር እንስሳ አንጀትና ጨጓራ በለብ ለብ የሚበላ አይደለም።

ጥብስ

የበሬ ጥብስ ስንሠራ ስጋውን መጥበሻ ላይ እናደርገዋለን፣ ውሃውን ያወጣል፣ ውሃው ይመጥጣል፣ ከዚያ በራሱ ስብ ይጠበሳል። ዲር ላይ ይህ አይሠራም። የሚጠብሰው ስብ የለውም። ውሃው መጥጦ ሲያልቅ ስጋው ደርቆ ይቀራል። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት።

አንድ ኪሎ ሽንጥ ከክሩ አቅጣጫ በተቃራኒ፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር በሚሆን ቁራጭ ክተፉ። ከበሬው ተለቅ ይበል። በፎጣ በደንብ አድርቁት፤ እርጥብ ስጋ አይጠበስም፣ ይቀቀላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ትንሽ ቁንዶ በርበሬ ነስንሱ።

ከባድ የብረት መጥበሻ ጭስ እስኪጀምር አግሉ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ስጋውን በሦስት ዙር ከፋፍላችሁ አስገቡ፤ አንዴ ሁሉም ከገባ መጥበሻው ይቀዘቅዛል። አንዱን ጎን ቡናማ እስኪሆን አትንኩት፣ ከዚያ ገልብጡት። በየዙሩ 2 ወይም 3 ደቂቃ ነው። አውጥታችሁ ሳህን ላይ አቆዩት።

እሳቱን ቀንሱ። በዚያው መጥበሻ ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት በወፍራሙ ተቆርጦ ይግባ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ ሦስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል። ሽንኩርቱ ጠውለግ ሲል ስጋውን ከነጭማቂው መልሱ። ቃሪያ ጨምሩ። አዋዜ ከፈለጋችሁ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ማንኪያ ብቻ። ቲማቲም አይመከርም፤ ውሃው ጥብሱን ወደ ወጥ ይወስደዋል።

መቼ ይወጣል? የስጋ ቴርሞሜትር ግዙ፤ ርካሽ ነው። ትልቁ ቁራጭ መሃል ላይ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ማለትም 160 ፋረንሃይት፣ ሲያነብ ወዲያው አውርዱ። ለዱር ስጋ የሚመከረው ይህ ነው። ከዚህ በላይ እያንዳንዱ ደቂቃ ያደርቀዋል። ቅቤው የገባው ለዚህም ነው።

ቀይ ወጥ

ለእኔ የዲር ስጋ የሚገባው ድስት ይህ ነው። አንገትና ወርች ውስጥ ያለው ጅማት በዝግታ ሲሟሟ መረቁ ይወፍራል፣ ስጋው በእንጀራ ይቆረሳል።

ለአንድ ኪሎ ተኩል ስጋ አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ክተፉ። ያለ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት፣ ወርቃማ እስኪሆን ለግማሽ ሰዓት ያህል አቁላሉት። ሲይዝ ጠብታ ውሃ። ከዚያ ሩብ ሊትር የማይሞላ ዘይትና ግማሽ ስኒ በርበሬ። በርበሬውን ለበሬ ወጥ ከምታደርጉት ቀነስ አድርጉት፤ የሚያለዝበው የስጋ ስብ ስለሌለ ኃይሉ ይሰማል። ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ሌላ 20 ደቂቃ አብስሉት። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ተወቅጦ፣ ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ።

ስጋውን በሌላ መጥበሻ ላዩን ቡናማ አድርጉትና ወደ ቁሌቱ ክተቱ። እስኪሸፍነው ትኩስ ውሃ ጨምሩ። ከድናችሁ በጣም በዝቅተኛ እሳት 2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተዉት። መንተክተክ እንጂ መፍላት የለበትም። ሹካ ገብቶ ያለ ትግል ሲፈታው ደርሷል።

የወጥን መብሰል የለመድነው "ዘይቱ አናት ላይ ወጣ" ብለን ማወቅ ነው። እዚህ ግን የሚወጣው እናንተ የጨመራችሁት ብቻ ነው፤ ስለዚህ በዘይቱ አትፍረዱ፣ በሹካው ፍረዱ። መጨረሻ ላይ ሁለት ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ መከለሻ፣ ኮረሪማ በትንሹ በዛ አድርጋችሁ። ኮረሪማና የአጋዘን ስጋ ይስማማሉ። ቢቻል ይደርና በማግስቱ ይበላ።

ክትፎ? አይሆንም

ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም። ስጋው ቀይ ነው፣ ስብ የለውም፣ ክትፎ ክትፎ ይላል። ጥሬም ለብ ለብም ግን አይሆንም። ዲር ኢ ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያና ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ሊይዝ ይችላል። ፍሪዘር ውስጥ ማሳደሩ ባክቴሪያውን አይገድልም። ስጋው ሲከተፍ ደግሞ ላይ የነበረው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ቶክሶፕላዝማው ለፅንሱ አደገኛ ነው።

በደንብ የበሰለ ክትፎ ከሆነ እሺ፤ በቅቤና በሚጥሚጣ 71 ዲግሪ እስኪደርስ ጠብሱት፣ ከአይብና ከጎመን ጋር አቅርቡት። ከዚያ የሚሻለው ግን ምንቸት አብሽ ነው። የታፋውን ስጋ ከ10 እስከ 15 በመቶ የበሬ ስብ ቀላቅላችሁ ፍጩ ወይም ክተፉ። በቁሌቱ ውስጥ እያማሰላችሁ ጨምሩ፣ እንዳይጓጉል። አብሹ የዱር ጣዕሙን ያለሰልሰዋል።

ቋንጣ

የቀረው ታፋ ለዚህ ነው። ስጋው ግማሽ በረዶ እንዳለ በክሩ አቅጣጫ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት አድርጋችሁ ዘልዝሉት። ለአንድ ኪሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ ከግማሽ ጨው፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬና ኮረሪማ። አሽታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት።

አገር ቤት ደጋ ላይ እንደሚደረገው ገመድ ላይ መስቀል እዚህ አያስተማምንም። ቤዝመንት ውስጥ አየሩ እርጥብ ነው፤ ስጋው ሳይደርቅ ይሻግታል። መጀመሪያ ዝልዝሉን ሽቦ ላይ ዘርግታችሁ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ኦቨን ውስጥ ስጋው ራሱ 71 እስኪደርስ አሙቁት፤ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ ወደ ማድረቂያ ማሽን፣ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ። ማሽን ከሌለ ኦቨኑን ዝቅተኛው ላይ አድርጉና በሩን በእንጨት ማንኪያ ገርበብ አድርጋችሁ አቆዩት። ከ6 እስከ 10 ሰዓት ይወስዳል። ጎንበስ ስታደርጉት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ከተጠመዘዘ ይቀረዋል።

በደንብ ቀዝቅዞ በጥብቅ ዕቃ ይከተት። ጓዳ ውስጥ ሳይሆን ፍሪጅ ወይም ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት። ለፍርፍር ስትፈልጉ ሰባብራችሁ በሞቀ ውሃ ሩብ ሰዓት አርሱት። ስብ ስለሌለው በደረቁ ከገባ ቁሌት ውስጥም እንደ ደረቀ ይቀራል። ያራሳችሁበትን ውሃ አትድፉ፤ እንጀራውን ከመፈርፈራችሁ በፊት ቁሌቱ ውስጥ ጨምሩት።